ስለ ታሪካዊ አምሳያዎች፦ የዋተርሎ ሞዴልና ለአካባቢ ቤተ መዘክሮች የሚሰጠው ትምህርት

ከትምህርት መርጃ መሣሪያዎች መካከል በተመልካች ዘንድ ፈጥኖ እምነት የሚያገኘው በልክ ተመጥኖ የተሠራ አምሳያ ነው። ካርታ ማንበብን ይጠይቃል፤ ጽሑፍ ማመዛዘንን ይጠይቃል፤ ሥዕልም ቢሆን የሠዓሊው እጅና ስሜት እንዳለበት ማንም ይረዳዋል። ኮረብታው ኮረብታ ሆኖ፣ ቤቱ ጣሪያና በር ኖሮት፣ ሰዉም በየቦታው ቆሞ የሚታይበት አምሳያ ግን «ነገሩ እንዲህ ነበር» ይላል እንጂ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ለማለት አይችልም። ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በባዕድ አጠራሩ ዲዮራማ የሚባለውን፣ መልክዓ ምድርን፣ ሕንፃንና ሰውን ባንድነት አሳንሶ የሚያሳየውን ይህን ዓይነት ሥራ ለአካባቢ ቤተ መዘክር ለማዘጋጀት የሚያስቡ መምህራንና የዕቅድ ሠራተኞች፣ ገንዘብና ጉልበት ከማፍሰሳቸው በፊት አንድ የታወቀ አምሳያን በጥሞና ቢመረምሩ ይጠቀማሉ።

ለዚህ ምርመራ የሚበጀው በለንደን በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር የሚገኘው የዋተርሎ ጦርነት አምሳያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባል። ናፖሊዮን በእንግሊዙ ዌሊንግተንና በፕሩሲያው ብሉኸር ድል የተመታበት ይህ ጦርነት የተደረገው በ1815 ነው። በ1830 የእንግሊዝ ጦር የበላይ አዛዥ በነበረው በሎርድ ሂል አሳቢነት፣ አምሳያውን የመሥራቱ ተግባር ለዊልያም ሳይቦርን ተሰጠ። ሳይቦርን ስለ መሬት አለካክና ስለ ካርታ አሣሣል መጻሕፍት ያሳተመ መኮንን ነበር፤ በጦርነቱ ላይ ግን አልተገኘም። ስለዚህ የሚሠራው ነገር ሁሉ በመለካት ወይም በመጠየቅ የተገኘ መሆን ነበረበት።

በመለካት ረገድ ያደረገው ጥረት ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። በጦርነቱ ሜዳ መካከል ባለችው በላ ኤ ሴንት እርሻ ቤት ለስምንት ወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ሆኖም የለካው መሬት የ1815ቱ መሬት አልነበረም። በ1826 የተፈጸመውን ታላቁን የአንበሳ ጉብታ ለመቆለል ከዌሊንግተን ሠራዊት መስመር ላይ ብዙ አፈር ተቆፍሮ ስለ ተወሰደ፣ ዋናው ሸንተረር በከፊል ቅርጹን አጥቶ ነበር። በሌላ አነጋገር ሳይቦርን ሜትሩን ዘርግቶ ሊያገኘው የማይችለው የመሬት ክፍል ነበር፤ ይህንንም ከሰው ትዝታ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ስለዚህ ከጦርነቱ ለተረፉ መኮንኖች በብዛት ደብዳቤ ጻፈ። ክፍላቸው በዚያች ሰዓት በምን ዓይነት ሰልፍ ቆሞ እንደ ነበረ፣ ከፊት ለፊታቸው የነበረው ጠላት ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ በቆሙበት ማሳ ላይ ምን ዓይነት ሰብል እንደ ነበረ ሳይቀር ጠየቀ። ከየአቅጣጫው በመቶዎች የሚቆጠሩ መልሶች መጡለት። ነገር ግን መላሾቹ የሚያስታውሱት ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለፈውን፣ ያውም በባሩድ ጢስ መካከል ያዩትን ነገር ነበር። በመሆኑም መልሶቹ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። የናፖሊዮንን የክብር ዘብ የመጨረሻ ጥቃት የመለሰው የትኛው የእንግሊዝ ክፍል ነው በሚለው ላይ የተነሣው ክርክር ለረዥም ዘመን እልባት አላገኘም። የሳይቦርን ልጅ ከደብዳቤዎቹ መርጦ በ1891 ባሳተመው መጽሐፍ አንባቢ ሁለቱንም ወገን ሊሰማ ይችላል። በአምሳያው ላይ ግን አንድ ክፍል ሊቆም የሚችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ጸሐፊ ሁለት ምስክርነት ጎን ለጎን ሊያኖር ይችላል፤ አምሳያ ሠሪ ግን የወታደሩን ምስል በሙጫ ባጣበቀ ጊዜ ፍርድ ሰጥቷል።

የእስኬሉም ነገር እንዲሁ ፍርድን የሚጠይቅ ነው። ሳይቦርን በምድር ላይ ያለውን አንድ ማይል በ9 ጫማ ወከለው፤ ይህም 1 ለ587 ያህል ማለት ነው። በዚህም መሠረት አምሳያው ከ8 ሜትር በላይ ርዝመትና 6 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ሆነ። በዚሁ እስኬል ቢሠራ ግን አንድ ሰው 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ የልብሱን ቀለምም ሆነ የያዘውን መሣሪያ ማንም ሊለየው አይችልም ነበር። ስለዚህ የወታደሮቹ ምስሎች ከመሬቱ በጎላ እስኬል ተሠሩ። ይህ ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ፤ መሬቱ ሳይሰፋ ሰው ከተለቀ የጦሩ ብዛት በሙሉ በሜዳው ላይ አይበቃም። ከሦስቱም ወገን የተሰለፈው ሠራዊት ከ180,000 በላይ ሲሆን በአምሳያው ላይ ያሉት ምስሎች 70,000 ከሚበልጥ ቁጥር አላለፉም። እዚህ ላይ ሳይቦርን አጠፋ ለማለት አይቻልም፤ ሁሉም አምሳያ ሠሪ የሚገጥመው ግዴታ ነውና። የሚያስወቅሰው እንዲህ ያለው ማስተካከያ ለተመልካቹ ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የጊዜው ምርጫ ነው። ጦርነት የብዙ ሰዓት ነገር ሲሆን አምሳያ የሚያሳየው አንዲቱን ቅጽበት ብቻ ነው። ሳይቦርን የመረጠው ከቀትር በኋላ በምሽቱ መግቢያ፣ በአውሮፓ ሰዓት ሰባት ገደማ፣ የክብር ዘቡ ጥቃት የተሰነዘረበትን ጊዜ ነው። ለእንግሊዝ ተመልካች ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ሰዓት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በስተቀኝ በኩል፣ በፈረንሳዮች ጎንና ጀርባ፣ በፕላንስኗ መንደር ፕሩሲያውያን ሲዋጉ ቆይተው ነበር። ሳይቦርን ከፕሩሲያ ጦርም መረጃ ጠይቆ ስለ ነበር፣ ያገኘውን ይዞ የፕሩሲያን ወታደሮች በብዛት በሜዳው ላይ አቆመ።

ይህም በአገሩ ባለሥልጣኖች ዘንድ ቅሬታ አስነሣ። ድሉ የእንግሊዝ ብቻ ሆኖ እንዲታይ ለሚፈልግ ሰው እነዚያ ጥቃቅን ምስሎች ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ የማይመቹ ነበሩ። መንግሥት ቀደም ሲል በ1833 ለሥራው ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ ስላቋረጠ፣ ሳይቦርን በራሱና በብድር ገንዘብ ጨርሶ በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ አሳየው። ብዙ ሰው ገንዘብ እየከፈለ አየው፤ ሠሪው ግን ወጪውን ሳይተካ በ1849 ሞተ። ከመሞቱ በፊት ከፕሩሲያውያን ምስሎች ብዙዎቹን ከሜዳው ላይ አነሣ። ይህን ያደረገው በቀረበበት ግፊት ነው ወይስ አዲስ ማስረጃ አሳምኖት የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው።

የክርክሩ ውጤት ምንም ቢሆን ለመምህር የሚጠቅመው ቁም ነገር ሌላ ነው። ምስሎቹ በተነሡበት ቦታ የቀረው ሣር ብቻ ነው። በመጽሐፍ ላይ የተሰረዘ ቃል የቀድሞው እትም ሲገኝ ይታወቃል፤ ከአምሳያ ላይ የተነሣ ምስል ግን እንዳልነበረ ይሆናል። ከለውጡ በኋላ አምሳያውን ያየ ተማሪ የፕሩሲያን ድርሻ አሳንሶ ይማራል፤ መማሩንም አያውቅም። ስለዚህ የሳይቦርን ሥራ በአለካኩ አርአያ፣ በመረጃ አሰባሰቡም ከዘመኑ የቀደመ ሲሆን፣ ዐቢይ ጉድለቱ የሚያውቀውንና የሚገምተውን በአንድ ዓይነት ቀለም ቀብቶ ማቅረቡ ነው። ጥርጣሬው ሁሉ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ቀረ፤ እርግጠኝነቱ ብቻ በጠረጴዛው ላይ ወጣ።

ይህ ችግር የሩቅ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአገራችን አንድ ትምህርት ቤት የአክሱምን የሐውልቶች ሥፍራ ለቤተ መዘክር በአምሳያ ለማሳየት ቢነሣ ያው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ይገጥመዋል። በ1 ለ100 እስኬል 33 ሜትር ያህል የሚረዝመው ታላቁ ሐውልት 33 ሳንቲ ሜትር፣ በአጠገቡ የሚቆመው ሰው 1.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሐውልት ይቁም ወይስ ተሰብሮ ይጋደም? በርካታ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ሲተከል ሳለ ወድቆ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በጽሑፍ «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ቀላል ነው። አምሳያው ግን ወይ ያቆመዋል፣ ወይ ያጋድመዋል። ካቆመው ምናልባት አንድም ቀን ያልታየ ነገር ለልጆች እንደ ታየ አድርጎ ያስተምራል።

የሁለተኛው ሐውልት ጉዳይ ደግሞ አምሳያ ያለ ዓመት ሊሠራ እንደማይገባ በግልጽ ያስረዳል። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ሐውልት በ1930 ቢሆን ተሰባብሮ በምድር ላይ የተጋደመ ነበር፤ በ1937 በኢጣልያኖች ወደ ሮም ስለ ተወሰደ በ1950 ቢሆን በሥፍራው አይገኝም፤ በ2005 ተመልሶ በ2008 እንደ ገና ስለ ተተከለ በዛሬ አምሳያ ላይ ቆሞ ይታያል። ሦስቱም አምሳያዎች እውነተኞች ናቸው፤ ዓመቱ ካልተጻፈባቸው ግን ሦስቱም ያሳስታሉ። በአንጻሩ ዓመታቸው ተጽፎ ሦስቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የአንድ ሐውልት መነጠቅና መመለስ ያለ ብዙ ቃል ለተማሪ ይገባዋል።

ከዚህ በመነሣት ለአካባቢ ቤተ መዘክር የሚዘጋጅ አምሳያ ሊመዘንባቸው የሚገቡ ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የሚያሳየው ዓመት፣ ከተቻለም ወራቱ፣ በግልጽ ይጻፍ፤ የሰብሉ ቁመትና የወንዙ ሙላት በመስከረምና በግንቦት አንድ አይደለምና። ሁለተኛ፣ የአግድሙና የከፍታው እስኬል ለየብቻ ይነገር። በ1 ለ50,000 የተሠራ ካርታ ወደ 1 ለ5,000 ቢሰፋ፣ 5 ኪሎ ሜትር በ4 ኪሎ ሜትር የሆነ አካባቢ በ1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ይውላል፤ በየ20 ሜትሩ የተሠመረው የከፍታ መስመርም በ4 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይወከላል። 200 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ሠሪዎቹ እጥፍ ሊያደርጉት ይፈልጉ ይሆናል። ቢያደርጉትም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይናገሩ መቅረት ነው። በተጨማሪም ካርታ ሲሰፋ መረጃው እንደማይጨምር መታወስ አለበት፤ በካርታው ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት በምድር ላይ 25 ሜትር ነው፤ በአምሳያው ላይም 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ በመለካት የታወቀው በተፈጥሮ ቀለሙ፣ በግምት የተጨመረው ደግሞ ቀለም ባልተቀባ ጀሶ ቢሠራ ተመልካች ሁለቱን በዐይኑ ይለያል። መልኩን ያጠፋዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም ቤተ መዘክር የሚሠራው ለማስዋብ ብቻ ሳይሆን ለማሳወቅ ነው። አራተኛ፣ የእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያትና የተናጋሪዎቹ ቃል የሚመዘገብበት ደብተር ከአምሳያው ጋር ይቀመጥ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ አሮጌው ገበያ ቦታ ሁለት የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱም ይጻፉ፤ በኋላ የተነሣ ወይም የተዛወረ ነገር ቢኖርም ቀኑና ምክንያቱ ይግባ።

የዕቅድ ሠራተኞችም ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በተለመደው አሠራር ገንዘቡ የሚመደበው ለተፈጸመው ዕቃ ማለትም ለመስተዋቱ፣ ለጠረጴዛውና ለባለሙያው ዋጋ ነው፤ ለመለኪያው ሥራና ለጥያቄው የሚመደብ ጊዜ ግን እምብዛም አይታይም። የሳይቦርን ታሪክ እንደሚያሳየው ከአምሳያው የማይተናነስ ዋጋ ያገኙት ደብዳቤዎቹ ናቸው። ከፍ ባለ ዋጋ ተገዝቶ በመስተዋት ከተከደነው ሥራ ይልቅ፣ ተማሪዎች በገመድና በሜትር ለክተው፣ ከካርቶን፣ ከሰጋቱራና ከጀሶ ያበጁት፣ መልኩ ሸካራ የሆነ አምሳያ ለትምህርት ሊበልጥ ይችላል። ተማሪዎቹ ሐውልቱን ከማቆማቸው ወይም ከማጋደማቸው በፊት በምን ማስረጃ ብለው መከራከር ይኖርባቸዋልና። አምሳያው ከተፈጸመ በኋላ ወደ ቤተ መዘክሩ የሚመጣው ጎብኚም ከደብተሩ ላይ ያንኑ ክርክር አንብቦ የራሱን ፍርድ እንዲሰጥ ዕድሉ ሊጠበቅለት ይገባል።