አስታማሚና ታማሚ፤ ስለ «ሆስፒስ» አልበም የቀረበ ሐተታ

ፍቅርን በሕመም መመሰል በዘፈን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ምሳሌውን ሳይለቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘልቅ ሥራ ግን ጥቂት ነው። ዚ አንትለርስ የተባሉት የብሩክሊን ሙዚቀኞች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ሆስፒስ» ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ስለ ሆነ ልንመረምረው ወደድን። አልበሙን በመጀመሪያ ራሳቸው አሳተሙት፤ በዚያው ዓመት ፍሬንችኪስ የተባለው አነስተኛ ኩባንያ እንደ ገና አወጣው። ኢንዲ ሮክ የሚባለውም እንዲህ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ የተነሣው የሮክ ሙዚቃ ነው።

ሆስፒስ ማለት የመዳን ተስፋቸው ያለቀ ሕሙማን እስኪያርፉ ድረስ የሚጦሩበት ቤት ነው። በታሪኩ አንድ አስታማሚ በነቀርሳ የምትማቅቅ ሴት ይወዳል፤ እርስዋ በቁጣ ታቆስለዋለች፤ እርሱም ከአጠገብዋ አይለይም። ደራሲውና ዘፋኙ ፒተር ሲልበርማን እንደ ገለጠው፥ ይህ ሁሉ መንፈስን የሚጎዳ የፍቅር ኑሮ ምሳሌ ነው።

በእኛ አነጋገር ሕመሙ ሰም፥ ፍቅሩ ወርቅ ነው። በቅኔ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይቀራል፤ እዚህ ግን ሰሙ አይቀልጥም። ምክንያቱም እየተበደለ ያለ ሰው ለምን እንደማይሄድ የሚያስረዳን እርሱ ነው፤ የምትሞትን ሴት ጥሎ የሚሄድ ማን ነው? ሰውየው ክፋትን ሕመም ብሎ በመሰየሙ እርስዋን ከወቀሳ ነጻ ሲያወጣ ራሱን ግን ያስራል።

ይህ ምሳሌ ለሴትዮዋ ፍትሕ ይነፍጋታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እርሱ ይናገራል፥ እርስዋ ግን ተኝታለች። ተቃውሞው ከባድ ቢሆንም አልበሙ ራሱ በከፊል ይመልሰዋል። «ሠርቲን» በተባለው ስድስተኛ ክፍል ሻሮን ቫን ኤተን በሴትዮዋ ድምፅ ትዘፍናለች። በስምንተኛው «ሺቫ» ደግሞ በአልጋው ላይ የተገኘው አስታማሚው ነው። ይሁን እንጂ አንድ አጭር ዘፈን ለእርስዋ ወገን በቂ ነው ለማለት አንደፍርም።

በዜማው በኩል «ኬተሪንግ» በፒያኖና በለሆሳስ ድምፅ ጀምሮ በድንገት መጮኹ፥ ታፍኖ የቆየ ቁጣን በሚገባ ያሳያል። «አትሮፊ» ግን ከሰባት ደቂቃ በላይ ሲዘልቅ ጩኸቱ ከታሪኩ ስለሚረዝም ያደክማል።

የአልበሙ ትልቁ ብልኃት በፍጻሜው ላይ ነው። ዘጠነኛው «ዌክ» የተበደለ ሰው በደሉን እንደ ተገቢ ቅጣት መቀበል የለበትም ብሎ ይፈርዳል። አድማጭ ታሪኩ አበቃ ሲል «ኤፒሎግ» ቀድሞ በ«ቤር» የሰማነውን ዜማ መልሶ ያመጣል። እንግዲህ ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ትዝታው አይታዘዝለትም። ትዕግሥትንና መታሰርን ለይተን ማወቅ ለሚገባን ለእኛ ለወጣቶች፥ ይህ ሥራ ከብዙ የፍቅር ዘፈን ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናል።