በመስኮቱ ደፍ ላይ፦ የአንድሬ ኬርቴስ ፖላሮይዶችና የኪስ ካሜራ

ሐዘን ወይም ሕመም ከሥራው ያራቀው ሰው በኪሱ ባለ ስልክ ፎቶ እያነሳ ወደ ጥበቡ ተመለሰ የሚል ታሪክ ዛሬ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ታሪኩን አምነዋለሁ፤ የማይጥመኝ አተራረኩ ነው። «ፎቶ ማንሳት አጽናናው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ የተነሱት ፎቶዎች ምን እንደሚመስሉ፣ ሰውየው ቀድሞ ከሠራቸው ሥራዎች ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። መጽናናቱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ሐያሲ ሊመዝን የሚችለው ሥራውን ነው። ስለዚህ የስልክ ካሜራ ከመምጣቱ በፊት፣ ግን የስልክን ጠባይ በያዘ መሣሪያ በተሠራ አንድ ሥራ ላይ አተኩራለሁ።

አንድሬ ኬርቴስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1894 ቡዳፔስት ተወለደ፤ በ1925 ፓሪስ፣ በ1936 ኒውዮርክ ገባ። አሜሪካ ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዞረችበት። ለአንድ መጽሔት የሀብታም ቤቶችን ሳሎን ሲያነሳ ዓመታት አለፉ፤ የሚገባውን ስም ያገኘው በ1964 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለብቻ ሲያሳይለት ነው። በ1977 ባለቤቱ ኤልዛቤት በካንሰር ሞተች። ሰማንያውን የተሻገረው ሰው ከ1952 ጀምሮ አብረው በኖሩበት፣ የዋሽንግተን አደባባይን ቁልቁል በሚያሳየው አፓርታማ ብቻውን ቀረ። የፖላሮይድ ኩባንያ ያወጣውን ኤስኤክስ-70 ካሜራ ይዞ መሥራት የጀመረው በዚህ የሐዘን ጊዜ ነው።

መሣሪያው በ1972 የወጣ፣ ታጥፎ ኮት ኪስ የሚገባ ነው። ፊልም ማጠብ፣ ማጠቢያ ቤት መላክ፣ መጠበቅ የለም። ቁልፉን ሲጫኑት ወረቀቱ ከፊት ይወጣል፤ ምስሉም ዓይን እያየ በደቂቃዎች ውስጥ ይደምቃል። ወደሚነሳው ዕቃ እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት ይቻላል። ጉልበቱ ለደከመ ሽማግሌ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ደረጃ ሳይወርድ፣ ሐዘኑ ባለበት ክፍል ውስጥ መሥራት ቻለ።

የሥራው ማዕከል አንዲት ትንሽ የመስታወት ሐውልት ናት። በአንድ መጻሕፍት መደብር መስኮት አያት፤ የአንገቷና የትከሻዋ አወራረድ ኤልዛቤትን አስታወሰው። በኋላ ገዝቶ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቆማት። የሰማዩ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ቀለሟ ይለወጣል፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ብርቱካናማ ትሆናለች። ከጀርባዋ ያለው ከተማ በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፍ ይጣመማል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ፎቅ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ይቀልጣል። በ1931 ፓሪስ ላይ የተነሳውን «ኤልዛቤትና እኔ» የተባለ ፎቶ የሚያውቅ ሰው ለምን ትከሻ እንደሆነ ይገባዋል፤ እዚያ የኬርቴስ እጅ ትከሻዋ ላይ አርፏል። በፖላሮይዶቹ ትከሻው አለ፣ እጁ የለም።

እኔ ግን ከዚህም በላይ የምመዝነው የመጣመሙን ነገር ነው። ኬርቴስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 ቆስሎ ግራ እጁ ለጊዜው ሽባ ሆኖበት ነበር። በ1917፣ ገና በማገገም ላይ ሳለ፣ ኤስተርጎም በምትባል ከተማ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ሰው አነሳ፤ ብርሃንና ውሃ አካሉን ሰብረው አስረዝመውታል። በ1933 ደግሞ በተጣመመ መስታወት ፊት ራቁት ገላ በማንሳት ወደዚሁ ሐሳብ ተመለሰ። እንግዲህ የ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ከባዶ የመጣ አይደለም። ቁስለኛው ወጣት በውሃ የጀመረውን ጥያቄ ሽማግሌው በመስታወት ቀጠለው፤ ያውም ብዙ ዕድሜውን በጥቁርና ነጭ የሠራ ሰው በቀለም። መታደስ የምለው ይህንን ነው። ሐዘኑ አዲስ ቋንቋ አልሰጠውም፤ የቆየ ቋንቋው የሚናገረው ብርቱ ጉዳይ አገኘ።

ሙሾ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ልብስ ወይም ፎቶግራፍ ይዛ ስታወርድ ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ዜማው ልክ አለው፣ ለቀስተኛው መቼ እንደሚቀበል ያውቃል። እንባው እውነተኛ ነው፤ ሙያውም እንዲሁ። ዕድርና ለቀስተኛ በሌለበት አገር ያንን ልክ ለኬርቴስ ያበጀለት አንዲቱን ዕቃ ደጋግሞ ማንሳቱ ይመስለኛል።

የሚካኤል ፀጋዬም መንገድ እዚህ ይነሳል። በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል የተመረቀው ሚካኤል የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ብሩሹን ለመተው ተገደደ፤ ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ ሙያው ሆነ። በመቃብር ሐውልቶች ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ምስሎች ባነሳባቸው ሥራዎቹ የደበዘዘውንና የተሰነጠቀውን ገጽ የሚከታተለው ዓይን፣ በእኔ አስተያየት፣ የሠዓሊ ዓይን ነው። የተነጠቀው መሣሪያውን ነው፤ አስተያየቱን ይዞት ተሻገረ።

ወደ ስልኩ ስንመጣ ውርሱ ግልጽ ነው። ኢንስታግራም በ2010 ሲጀምር አርማው የፖላሮይድ ካሜራን የሚመስል ነበር፤ እስከ 2015ም አራት ጎኑ እኩል ከሆነ ፎቶ ሌላ አይቀበልም ነበር። ቅርጹ ተወርሷል፤ ገደቡ ግን አልተወረሰም። የኤስኤክስ-70 አንድ ካርቶን ፊልም 10 ፎቶ ብቻ ያወጣ ነበር፤ እያንዳንዱም ኔጋቲቭ የሌለው አንድ ለእናቱ ነው። ኬርቴስ በ1984 ወደ 100,000 የሚጠጋ ኔጋቲቭ ለፈረንሳይ መንግሥት ሲያስረክብ እነዚህ ፖላሮይዶች ኔጋቲቭ አልነበራቸውም። አስቀድሞ መርጦና አሰልፎ፣ በ1981 «ከመስኮቴ» በሚል መጽሐፍ አሳትሞ ለኤልዛቤት አበርክቷቸው ነበር። ምርጫው ራሱ የሥራው ግማሽ ነው።

በስልኩ ውስጥ አንድን መስኮት ወይም አንድን ባዶ ወንበር መቶ ጊዜ ያነሳ ሐዘንተኛ ዛሬ በየቤቱ አለ። ከመቶው አንዷን አውጥቶ ለወዳጅ ዘመድ ሲልክ «ነፍስ ይማር» ይባልለታል፤ ሥራው ግን ያልታየው ዘጠና ዘጠኙ ውስጥ ነው፤ የቱ ቀድሞ ተነሳ፣ የቱ ተደገመ፣ ብርሃኑ የቱ ላይ ተለወጠ በሚለው ውስጥ። የእኛ የፎቶግራፍ ሂስ የአንዲቷን ምስል ውበት ከማድነቅ ወጥቶ እንዲህ ያለውን ተከታታይ ሥራ እንደ አንድ ድርሰት ማንበብ እስኪጀምር ድረስ፣ በስልክ የሚሠራው ቁም ነገር ሁሉ «ማስታወሻ ፎቶ» እየተባለ መታለፉ ይቀጥላል።