ማብቂያ ያጣው ጨዋታ

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መጻፍ ሥራ የመፍታት ምልክት ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ልብ ወለድ ገልጦ የማያውቅ፣ የቴአትር ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ወጣት በየቀኑ ሰዓታት የሚያሳልፍበትን ነገር ሂስ ዝም ብሎ ካለፈው፣ ኃያሲው ማንን ሊያገለግል ነው? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ።

ሰዎች ስለ ጉዳዩ ሲከራከሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት መሣሪያውን ነው። አንዱ ወገን፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በጆይስቲክ የሚጫወቱት እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው ይሻላል፣ ምስሉ የጠራ ነው፣ ለእጅም ይመቻል ይላል። ሌላው ደግሞ ስልክ ከኪስ አይለይም፣ ለጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚገዛ ውድ ዕቃም አይጠይቅም ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ዋናው ልዩነት ከመሣሪያው ላይ አይደለም፤ ከድርሰቱ ላይ ነው። ጨዋታው ማብቂያ አለው ወይስ የለውም?

ሁለት ሥራዎችን እናነጻጽር። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ስምንት ዓለማት ሲኖሩት እያንዳንዱ ዓለም አራት ክፍል አለው፤ በድምሩ 32። ተጫዋቹ ዋጋውን አንድ ጊዜ ከፍሏል። ገደል ቢገባ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ ሲሞክር እጁ ይሠለጥናል። በመጨረሻ ልዕልቲቱን ነጻ ያወጣል፣ ታሪኩም ያበቃል። አያቶቻችን በምድጃ ዳር ያወሩልን ተረት «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ እንደሚዘጋ ሁሉ፣ ልጁ ሰምቶ ጨርሶ ወደ መኝታው ይሄዳል።

ኪንግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ ደግሞ በነጻ የሚታደል ነው። ሥራው ተመሳሳይ ከረሜላዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ ማገጣጠም ነው። ተጫዋቹ አምስት «ነፍስ» ይሰጠዋል። አምስቱን ከጨረሰ አንዲቱ እስክትመለስለት 30 ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ ይከፍላል ወይም ወዳጆቹን ይለምናል። ደረጃዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ በየጊዜውም አዳዲስ ይጨመራሉ።

ልብ በሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ሞት አለ። በማሪዮ ዘንድ ሞት አስተማሪ ነው። በካንዲ ክራሽ ዘንድ ግን ሞት በር ላይ የቆመ ቀራጭ ነው። የመጀመሪያው ደራሲ፣ ተጫዋቹ እንዲጨርስ ፈልጎ ጽፏል፤ ሁለተኛው እንዳይጨርስ። ይህ የጥበብ ልዩነት ነው፤ የንግድም ጭምር። አክቲቪዥን ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪንግን የገዛው በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ያለፈውን ለማሞገስ ብቻ የተነሣሁ እንዳይመስል የራሴንም ልናገር። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ አግዳሚ ወንበር የያዘ ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ነበር። የሚከፈለው በጨዋታ ነው። ዳቦ እንድገዛበት የተሰጠኝን ገንዘብ እዚያ በልቼ ተገርፌበታለሁ። ባለቤቱም ለእኛ አዝኖ የከፈተው አልነበረም። ነገር ግን ኳሱ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላው ፊሽካ ይነፋል፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተራ የደረሰው ይቀመጣል። ሳንቲም ያለቀበት ወደ ውጭ ነው። ጎናችን የተቀመጠው ደግሞ ሰው ነበር፤ እንደ ጆተኒው፣ እንደ ገበጣው፣ ስናሸንፈው ፊቱ የሚጠቁር፣ ሲያሸንፈን የሚያላግጥብን ሰው።

ባለፈው የገና ሰሞን የእህቴን ልጅ ስልክ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁትና ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ነፍስ አልቆብኝ ነው ጋሼ፤ ማስታወቂያ ካየሁ ይሰጠኛል» አለኝ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ልጁ የሚከፍለው ዕድሜውን ነው። ማስታወቂያው የሌላ ጨዋታ ማስታወቂያ ነበር። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው «አያልቅም እኮ!» ብሎ እንደ ሞኝ አየኝ።

ስልክን በጅምላ መኮነን ግን ስሕተት ነው። የለንደኑ አስትው እ.ኤ.አ. በ2014 ለስልክና ለታብሌት ያወጣው ሞኑመንት ቫሊ አጭር፣ የተዋበ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ሥራ ነው። ኒንቴንዶም እ.ኤ.አ. በ2016 ሱፐር ማሪዮ ረንን ወደ ስልክ ሲያመጣ መጀመሪያውን አስቀምሶ ቀሪውን በ10 ዶላር ገደማ አንድ ጊዜ ሸጠ። እጅግ ብዙ ሰው አወረደው፤ የገዛው ግን ጥቂቱ ሆነና ኩባንያው ራሱ የሚያጠግብ ትርፍ እንዳላገኘበት ተናገረ። በማግስቱ ዓመት ያቀረበው ፋየር ኤምብለም ሂሮስ ግን በነጻ ተሰጥቶ ተዋጊዎቹን በዕጣ የሚሸጥ ነበር፤ በገቢም በለጠው። እንግዲህ ወቀሳው የነጋዴው ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ መክፈል የከበደን እኛ፣ በየቀኑ መከፈልን መርጠናል።

ጆይስቲኩም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። ያ የልጅነታችን የኳስ ጨዋታ፣ ፊፋ፣ «አልቲሜት ቲም» በተባለው ክፍሉ ተጫዋቾችን በታሸገ ጥቅል መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ገዢው ከፍቶ እስኪያየው ድረስ ማን እንደደረሰው አያውቅም። ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ከቁማር ስለቈጠረችው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በዚያ አገር ሽያጩን እ.ኤ.አ. በ2019 አቆመ። የስልኩ ጠባይ ወደ ሳሎኑ ገብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ስልኩን ከልጁ እጅ ከመንጠቃችን በፊት እኔ የእህቴን ልጅ የጠየቅሁትን ብንጠይቅ ይበጃል፤ መቼ ነው የሚያልቀው? መልስ ካለው ልጁ ይጨርሰው፤ አጠገቡ ቁጭ ብለን ብንሸነፍለትም ክብራችን አይነካም። መልስ ከሌለው ግን ጨርስና ና ማለታችን ከንቱ ነው። የማያልቅ ነገር ሰጥተነው ለምን አልጨረስክም ብለን እንቆጣዋለን።