የምናውቃቸው የሚመስሉን ቃላት፦ የሎጂክ እንግሊዝኛ በዩኒቨርሲቲ ክፍል

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለሱ፣ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የተፈጥሮ ሳይንሱም የማኅበራዊ ሳይንሱም ተማሪ የሚወስደው ኮርስ ሆነ። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በቋንቋው ሲቸገር ጣት የሚቀሰረው በከባዶቹ ቃላት ላይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። «ሲሎጂዝም»ና «ኢፒስቴሞሎጂ» ያስደነግጣሉ እንጂ አያሳስቱም፤ ባዕድነታቸው ስለሚታይ ተማሪው ምን ማለት እንደሆኑ ይጠይቃል። የሚያሳስቱት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዟቸው የመጣቸው ናቸው፤ ጭቅጭቅ የሚመስለው «አርጉመንት»፣ ድምፅ የሚመስለው «ሳውንድ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቫሊድ»።

መዝገበ ቃላት «ቫሊድ»ን ትክክለኛ፣ ሕጋዊ፣ ተቀባይነት ያለው ይለዋል። ለፓስፖርትና ለመንጃ ፈቃድ ይህ ይበቃል። በሎጂክ ግን ቃሉ በመነሻዎችና በድምዳሜ መካከል ያለውን ትስስር ብቻ ይመለከታል፤ መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ ድምዳሜው ሐሰት ሊሆን አይችልም ማለት ነው። «የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ የባሕር ወደብ አላቸው፤ ጎንደር የኢትዮጵያ ከተማ ናት፤ ስለዚህ ጎንደር የባሕር ወደብ አላት» የሚለው ሙግት ቫሊድ ነው። ተማሪው ቢስቅ አይፈረድበትም። በአንጻሩ «አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የባሕር በር የላቸውም፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካ አገር ናት፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም» ሲባል ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ሙግቱ ግን ቫሊድ አይደለም። በኢትዮጵያ ቦታ ኬንያን ብንተካ መነሻዎቹ እንደጸኑ ድምዳሜው ይፈርሳል። «ሳውንድ» የሚባለው ቫሊድ ሆኖ መነሻዎቹም እውነት የሆኑለት ሙግት ነው። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ በሸመደደ ተማሪ ዘንድ ሁለቱም «ትክክል» ሆነው ይቀራሉ። ዕለታዊው እንግሊዝኛም ቢሆን አጥርቶ አይለያቸውምና አፉን በእንግሊዝኛ የፈታውም ከዚህ አያመልጥም።

ከተማሪ ተማሪ የሚዞሩት ሀንድአውቶች ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መስመር ፍቺ ይሰጡና ያልፋሉ። ከላይ እንዳየናቸው ያሉ ሁለት ሙግቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን ከአሥር መስመር ፍቺ ይበልጥ ያስረዳሉ።

ትንንሾቹ ቃላት ደግሞ የባሰ ይሸሸጋሉ። «ሰም» (ከቅኔው ሰም ጋር አይምታታብን) በሎጂክ «ቢያንስ አንድ» ማለት ነው፤ «ሁሉም» መሆንን አይከለክልም። እኛ ግን «አንዳንድ ተማሪዎች አልፈዋል» ሲባል የወደቀም አለ ብለን እንሰማለን። «ሁሉም ተማሪዎች አላለፉም» የሚለውስ? አንድም አላለፈም ማለት ይሆናል፣ የወደቁ አሉ ማለትም ይሆናል። በእንግሊዝኛም አቻው ዐረፍተ ነገር ለሁለት ይፈታል፤ የሎጂክ መጻሕፍት የሚሸሹትም ለዚህ ነው። ተማሪው አሻሚነቱን በአማርኛው ያውቀዋል። መምህሩ ከዚያ ቢነሳ ግማሹ መንገድ ተሄደ።

ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሰን እንገላገል የሚሉ አሉ። እንግሊዝኛም በላቲን ጥላ ሥር ሳለ ይህንኑ ሞክሯል። ቶማስ ዊልሰን በ1551 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ የላቲኑን ቃላት ተቀበለ፤ ራልፍ ሌቨር ግን በ1573 ሎጂክን «ዊትክራፍት»፣ ድምዳሜን «ኤንድሴይ» ብሎ ከአገሩ ቃላት ቀመረ። የጸናው የላቲኑ ነው። ይህ ትርጉም ከንቱ ነው ለማለት አያበቃም፤ «መነሻ»ና «ድምዳሜ» በአማርኛ በደንብ እያገለገሉን ነው። ነገር ግን «ቫሊድ»ን «ትክክለኛ» ብለን ከተረጎምነው ያው ስሕተት በፊደላችን ተጽፎ ይጠብቀናል።

ሀንድአውቱን የሚቀርጸው ፈተናው ነው። «ቫሊድ ምንድን ነው?» ተብሎ እስከተጠየቀ ድረስ ሽምደዳው ያዋጣል። «ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት የሆኑበት፣ ግን ቫሊድ ያልሆነ ሙግት ጻፍ» ቢባል ግን ተማሪው ሌላ ዓይነት ሀንድአውት መፈለጉ አይቀርም።