«የፓንዶራ ተስፋ» እና የጎጃም ምድጃ

ለአካባቢ ጥበቃ የሚሟገት ሰው የኒውክሌር ኃይልን እንዲደግፍ ማሳመን ይቻላል? ሮበርት ስቶን በ2013 ያወጣው «የፓንዶራ ተስፋ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም «በሚገባ!» ይላል። (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው።) ምስክር አድርጎ የሚያቀርበውም አቋማቸውን የለወጡ ሰዎችን ነው፤ ስቱዋርት ብራንድን፣ ማርክ ላይናስን፣ ግዌኒዝ ክሬቨንስን የመሳሰሉትን። ስቶን ራሱ ከዓመታት በፊት «ሬዲዮ ቢኪኒ» በተሰኘ ፊልሙ የአሜሪካን የአቶም ቦምብ ሙከራ አምርሮ ያሳየ ሰው ነው።

ታዲያ ይህን ያረጀ ፊልም አሁን ምን ልታነሳው ፈለግህ ትሉኝ ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ መንግሥት ቀጣይ ብሎ ከጠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የኒውክሌር ማመንጫ ነው። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ዛሬ ደምበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሆናችሁ፣ ማመንጫው ተሠርቶ ሲያልቅ ግብር ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። ብድር ካለውም የምትከፍሉት እናንተው። ስለዚህ ክርክሩን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል።

በጠንካራ ጎኑ ልጀምር። ፊልም ሠሪዎቹ የጨረር መለኪያ ይዘው ከአገር አገር ይዞራሉ። ብራዚል ውስጥ ጓራፓሪ በተባለ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ደስ ብሏቸው አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ተኝተዋል፤ መለኪያው ግን እዚያ ሽቅብ ይወጣል። አሸዋው ውስጥ ቶሪየም የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ ነው። ጨረር ሰው የፈጠረው ጉድ ሳይሆን በየድንጋዩ ያለ ነገር መሆኑን፣ ዋናው ጥያቄም «አለ ወይስ የለም?» ሳይሆን «ምን ያህል?» መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ትዕይንት አላየሁም።

ቁጥሮቹም ከፊልሙ ጋር ናቸው። አንድ ቢሊዮን ኪሎዋት-ሰዓት ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ሲመነጭ በአደጋና በአየር ብክለት 25 ያህል ሰው ይሞታል፤ ከኒውክሌር ሲመነጭ 0.03፣ ቼርኖቤልና ፉኩሺማ ተቆጥረው ማለት ነው። የካርቦን ልቀቱም ለአንድ ኪሎዋት-ሰዓት 820 ግራም ገደማ በ12 ግራም ነው። ፉኩሺማ ላይ በጨረር ሳቢያ ሞተ ብሎ የጃፓን መንግሥት ያመነው አንድ ሰው ሲሆን፣ በጥድፊያ ከቤታቸው ሲወጡና በመፈናቀሉ እንግልት የሞቱት ግን ከ2,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም አረጋውያን። ፍርሃቱ ከጨረሩ በልጦ ገደለ ማለት ነው። ቼርኖቤል ሌላ ነው፤ የዚያ ዓይነት ሪአክተር ዛሬ ለማንም አይሸጥም።

ስለዚህ «ኒውክሌር ይፈነዳብናል» ብቻ ብሎ የሚቃወም ሰው ቢገጥማችሁ ፊልሙን አሳዩት። ክርክሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ችግሩ የፊልሙ ሙግት በሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ መቆሙ ነው፤ በድንጋይ ከሰል ላይ። ኒውክሌር አየሩን የሚያድነው ከሰል የሚያቃጥል ማመንጫን ሲተካ ነው። ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሪአክተሮች ሚያዝያ 2023 ላይ ስትዘጋ የከሰል ማመንጫዎቿ ገና እየጨሱ ነበር፤ ለጀርመን ተሟጋች ፊልሙ የተናገረው ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ከሞላ ጎደል ኤሌክትሪኩ ሁሉ ከውሃ ነው የሚመጣው። ታዲያ ኒውክሌሩ ማንን ሊተካ ነው? ግድቡን?

የራሳችንን ሒሳብ እንይ። ኢትዮጵያ በ2010 የለቀቀችው ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል እንደነበር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋ ይገልጻል። ከዚያ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን ነው፤ የኤሌክትሪክ ድርሻ 3 በመቶ። ማለትም ካርቦኑ ያለው ማመንጫው ውስጥ አይደለም። ከደምበጫ በጂጋ አድርጋችሁ ወደ ቡሬ ስትሄዱ ጆንያ ሙሉ ከሰል፣ የተከመረ የባሕር ዛፍ ፍልጥና የደረቀ ኩበት ታያላችሁ አይደል? የጎጃም የኃይል ጥያቄ እዚያ ነው። ጭሱም የሚጎዳው ሰማዩን ብቻ አይደለም። የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይገድላል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ምድጃ ሥር የሚውሉ እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ የአገራችንን ተሟጋች ሊያሳምን የሚችለው ሙግት ከምጣዱ የሚነሳው ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሚሊዮን ቤት ባንዴ ምጣዱን ቢሰካ (ባንዴ አይሰኩትም እንጂ) 3,500 ሜጋዋት ይሆናል፤ 5,150 ሜጋዋት ካለው የሕዳሴ ግድብ ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ቤት ደግሞ ለዚህች አገር ምኗም አይደለም። እንጨቱን በእውነት እንተወው ካልን ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገናል።

ሁለተኛው ሙግት ዝናብ ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውሃ ጎድሎ አገሩ ሁሉ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ለጎረቤት የሚሸጠው ኃይልም ተቋረጠ። እንቁላሉን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ያስቀመጠ አገር የዝናቡ መለዋወጥ ያሰጋዋል። ሪአክተር ክረምት አይጠብቅም። ቢሆንም ለማቀዝቀዣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ ወንዞቹ ሲሞቁ አንዳንድ ማመንጫዎች ምርታቸውን ቀንሰዋል። ስለዚህ «ከድርቅ ነፃ ነው» የሚላችሁን ሰው «የት ወንዝ ዳር?» በሉት።

ፊልሙን ከልቤ የምወቅሰው በገንዘቡ ጉዳይ ነው። ስለ ዋጋ እንደ ዋዛ ያልፈዋል። አሜሪካ ውስጥ ቮግትል ላይ የተሠሩት ሁለት ሪአክተሮች በ14 ቢሊዮን ዶላር ያልቃሉ ተብለው ከ30 ቢሊዮን በላይ ፈጁ፤ ሰባት ዓመትም ዘገዩ። ሁሉም እንዲህ ነው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ባራካህን በ2012 ጀምረው በ2024 አራተኛውን ሪአክተር አስገብተዋል፤ ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሩቡን ይሰጣል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የግብፁ ኤል ዳባ ነው። ሠሪው ያው ሮሳቶም፣ አቅሙ 4,800 ሜጋዋት፣ የሩሲያ ብድሩ 25 ቢሊዮን ዶላር። አቅሙ ከሕዳሴ ጋር ይቀራረባል፤ ሪአክተር ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠራ የሚያመርተው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፤ 25 ቢሊዮንም ትልቅ ዕዳ ነው። ሁለቱንም ባንድ ላይ የማይነግራችሁ ሰው እየሸጠላችሁ ነው።

ደግሞ ሽቦ አለ። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ከጎጆ በላይ አልፎ ጎጆዋ በኩራዝ ስታድር ማየት ለገጠር ልጅ ብርቅ አይደለም። የማከፋፈያ መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው ካልደረሰ፣ ምጣዱም በገበሬ አቅም ካልተገዛ፣ ሪአክተሩ አንድ ዛፍ አያድንም። የአካባቢ ተሟጋች ድጋፉን በዚህ ላይ ይደራደር ነው የምለው፤ «መጀመሪያ የገጠሩን የማከፋፈያ ዕቅድና በጀት አሳዩኝ፣ ስለ ሪአክተሩ ከዚያ እናወራለን»።

ፊልሙን እዩት፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለላችሁ። ቤታችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚነድ መዝኑ። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ 4 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ሙቀት አለ፤ ባለ ሦስት ጉልቻ ምድጃ ከዚያ ውስጥ ለድስቱ የሚያደርሰው ከአሥር እጁ አንዱን ያህል ነው። አባዙት፣ ለአሥር አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ቤታችሁ ምግቡን በኤሌክትሪክ ቢሠራ በሳምንት ቢያንስ የሚያስፈልገው ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ በቆጣሪው ዋጋ ስንት ብር እንደሚሆን ከእናታችሁ ጋር አስሉት።