«የፖርቱጋሎች ድልድይ» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ በአላታ የሚገኘው የደንጊያ ድልድይ፥ በሞጣ በኩል ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ፥ በሸዋም በደብረ ሊባኖስ ገዳም አቅራቢያ ያለው ድልድይ በብዙ ጽሑፎች «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይባላሉ። አንድ ስም ለሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሰጠቱ ብቻውን ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን ስሙ እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖሯል።

ዘመኖቹን ማስተያየት ይበቃል፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የተመራው የፖርቱጋል ጦር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1541 ነው። የአላታ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በ1626 ገደማ ሲሆን በሁለቱ መካከል 85 ዓመት ያህል አለ። ሰባራ ድልድይን አሠራ የሚባለው ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ነው፤ እርሱም የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን ከአገር ያስወጣው ንጉሥ ነው። የደብረ ሊባኖሱን ድልድይ ደግሞ የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ እንዳሠሩት ይነገራል። እነዚህን ሁሉ በአንድ የባዕድ ስም መጥራት የዘመንን ልዩነት መደምሰስ ነው።

ይህ ሲባል የውጭ ሰው እጅ አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደ ጻፈው፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ለኖራ የሚሆነውን ደንጊያ ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ሰው ነበር። የተለመደው ስያሜ ግን ለዚህ ሰውም፥ ደንጊያ ለፈለጠውና ኖራ ላቃጠለው ሠራተኛም ስፍራ አይሰጥም።

የባዕድ ስም ሁሉ ግን ሐሰተኛ ምስክር አይደለም። በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ ኢንቺስም ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረ የኢጣልያ ተቋም ነው። በ2024 የአሮጌው ሰፈር ብዙ ክፍል ቢፈርስም ስሙ በእውነት የነበረን ነገር ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ስም በሰነድ ሊረጋገጥ ይችላል፤ የድልድዮቹ ስም ግን በዘመን ቈጠራ ይፈርሳል።

የስያሜው ሁለተኛ ጉድለት የድልድይን ታሪክ በመጀመሪያው ሠሪ ላይ ማስቆሙ ነው። በስዊስ አገር በሉሰርን ከተማ በ14ኛው ምእት ዓመት የተሠራ ባለ ጣራ የእንጨት ድልድይ አለ። ጣራው መንገደኛውን ከማስጠለሉ ይልቅ ዋና ተግባሩ ተሸካሚውን እንጨት ከዝናም መጠበቅ ነው። በ1993 አብዛኛው ክፍሉ በእሳት ጠፋ፤ በ1994 ታድሶ ተከፈተ። ዛሬ መንገደኛ የሚረግጠው እንጨት በብዛት አዲስ ቢሆንም ድልድዩ ያው ድልድይ ነው፤ ያኖረው ጥበቃና እድሳት ነውና። ለደንጊያ ድልድይም የጣራውን ያህል የሚጠቅመው ውሃ እንዳያሰርግ የሚጠገነው ኖራ ነው።

ሰባራ ድልድይ ይህንን በግልጽ ያሳያል። የመካከሉ ቅስት በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ገመድ በወገቡ ታጥቆ፥ በሁለቱ ወገን በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በ2002 በብረት ተጠገነ፤ ኋላ ግን ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው። ገመድ ጎታቾቹ መሻገሪያውን በክንዳቸው ያቆዩ ሰዎች ስለ ሆኑ ከግንበኞቹ ጋራ ሊቈጠሩ ይገባል፤ «የፖርቱጋሎች» የሚለው ስም ግን እነርሱን ጨርሶ አያውቃቸውም።

የአካባቢው ሕዝብ ድልድዩን «ሰባራ» ሲል በድልድዩ ላይ በእርግጥ የደረሰውን ይናገራል። የተማሩት የሚያዘወትሩት ስም ግን ያልተረጋገጠ ግምትን ይደግማል። ስለዚህ የድልድይ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማን ጀመረው ብሎ ከጠየቀ በኋላ፥ ማን ሰበረው፥ ማንስ ጠገነው፥ ተሰብሮ ሳለስ ማን አሻገረ ብሎ በዚያው ትጋት ሊጠይቅ ይገባዋል።