በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 39 ስለ ሰጎን፤ የሰዓቱንም ምሳሌ ስለ መመርመር

ዊልያም ፔሊ የተባለው እንግሊዛዊ ካህን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1802 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሜዳ የተገኘ ሰዓት ሠሪውን እንደሚያስታውቅ ዓይንም ፈጣሪውን ያስታውቃል ብሎ ተከራከረ። የብሌኑን መጥበብና መስፋት የተረከበት ክፍል እጅግ ያማረ ነው። የሰዓት መሳሳት ሠሪውን አያስክድም ቢልም፣ ክርክሩ የቆመው በተስማማው ላይ ነው።

መጽሐፈ ኢዮብ ግን ሰጎንን አይሰውርም፤ እንቍላሏን በምድር ላይ የምትተው፣ እግር እንዲረግጠው የማታስብ፣ ጥበብንም እግዚአብሔር ራሱ የነሣት ናት ይላል። እንዲህ ያለውን ሥራ የትኛው ሰዓት ሠሪ ለገበያ ያወጣል?

ፔሊን በወጣትነቱ ወዶ ያነበበው ዳርዊን፣ በ1859 ዓይን ከትውልድ ወደ ትውልድ ጥቂት በጥቂት ሊታነጽ እንደሚችል ባስረዳ ጊዜ የሰዓቱ ምሳሌ ተናጋ። የኢዮብ ቃል አልተናጋም፤ በዚያ ፍጥረት የሚጠራው የፈጣሪን መኖር ለማስረዳት ሳይሆን፣ ምድር ስትመሠረት ኢዮብ ወዴት እንደ ነበረ ለመጠየቅ ነውና።